ሳይወሰዱ የቀሩ ጥላዎች

ፒያሳ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ሥር፣
የጋሽ አዛናው በርጩማ ነበር።
ነበር አልኩ እንዴ? እዚያው ነው፣ ማንም አልነካውም፤
ባለቤቱ ብቻ ዛሬ አልመጣለትም።

ጥላ ጠጋኝ ነበር።
የአንገረብ ንፋስ የገለበጠውን፣
የአዘዞ ሚኒባስ በር የቀረጠፈውን፣
ልጅ ጎራዴ አድርጎ ያጎበጠውን፣
ሁሉንም ጭኑ ላይ ያጋድምና፣
ሽቦውን በጣቱ ይዳብስና፣
"ይድናል" ይላል። ይሠራል አይልም።
አይድንም ያለውን እኔ አልሰማሁም።

ጥቁር ክር አልቆበት አንድ ክረምት በቀይ ጀመረ፣
ከዚያ ወዲያ በዚያው ቀረ።
ጥላህን ዘርግተህ ቀና ብትል በዝናብ ቀን፣
ከጨርቁ ሆድ ውስጥ፣ እንደ ደም ሥር ቀጭን፣
የሱ ስፌት አለ፤
ማራኪም ብትወርድ፣ ቅዳሜ ገበያም፣
ስንቱ ከሥሩ ተጠለለ።

ዋጋው ግራ ነበር። ተማሪ ከሆንህ "ስታልፍ ትከፍላለህ"፤
ፈተናውን ማለፍ ነው ወይስ መንገዱን? አይነግርህ።
አልፈህ፣ ሥራ ይዘህ፣ ብትመለስ ደግሞ፣
"አንተማ እንግዳ ነህ" ይልሃል ተገርሞ።

ጻድቅ ነበር አልልም። ይሳደብ ነበር፣ ሐምሌን በተለይ፦
"ይህ ዐመለ ቢስ፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ይጭንብኛል በላይ በላይ!"
"ሐምሌ ባይኖር ምን ትበላ ነበር?" ብንለው፣
ይስቃል፤ የጎደለ ጥርሱን በመዳፉ እየከለለው።

በግንቦት ማለቂያ ሞተ። ልደታ ቀበርነው።
ዝናብ አልዘነበም። ደረቅ ጠራራ ነው።
እኔ ግን ልቤ ውስጥ ሌላ ነበር ያሰብኩት፦
ሰማይ ሲያለቅስለት፣ ከተማው በሙሉ ቀይ ስፌቱን ሲዘረጋለት።
የለም።
የቄሱ ጥላ ብቻ፣ ዘርፉ የነተበ፣
ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያነባ መሰለኝ፣ ላብ ነው የተንጠበጠበ።
ቀና ብዬ አየሁ፤
ከወርቀ ዘቦው ሥር ቀይ ክር አገኘሁ።

አንዲት አሮጊት ናቸው፣ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው፣
ነጠላቸውን አሸርጠው፣ እንዲህ ያሉ በሙሾአቸው፦
"ሲጠግን የኖረ የሰዉን ጥላ፣
ነፍሱ ቀድማ ሄደች ሥጋውን ጥላ።"
የቅኔው መምህር እንኳ፣ ሬሳ ፊት የማይናገሩ፣
"ይበል" አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ አቀረቀሩ።

ሰኔ ሲገባ ልጁ እናኑ ሣጥኑን ከፈተች።
ዐሥራ አንድ ጥላ፣ ተጠግኖ ያለቀ፣ ባለቤት የሚጠብቅ፣ አገኘች።
በየእጀታው የካርቶን ቁራጭ ታስሯል፣
በእርሳስ ተጽፏል፤
ስም ግን የለበትም።

"የመንታዎቹ እናት።"
"ጉልበቱን የሚያመው መምህር። አይመጣም፤ ውሰጅለት።"
"ባሏ የሞተባት። ብር ብትሰጥሽ፣ ጠፋብኝ ዝርዝር በያት።"
"ክፉ ሰው። ግን ይበርደዋል።"

የኔን ፈለግሁ። ከሁሉ ሥር ነበር፣
ሁለት ክረምት ሙሉ የረሳሁት፣ አቧራ የለበሰ ጥቁር።
"ቁጭ የማይለው ልጅ" ይላል።

እውነቱን ነው።
"ቁጭ በላ" ባለኝ ቁጥር "እመለሳለሁ" ነበር መልሴ፤
ከዚያ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ የራሴ የራሴ።

ይኸው ተቀምጫለሁ ጋሼ።
በርጩማህ አንድ እግሯ ያጥራል፤ ለካ
ያን ሁሉ ዘመን ያዘነበልከው ሰው ለመስማት አልነበረም።
ወይም ነበር። አላውቅም።

ከጎሃ በላይ ደመናው ይቋጠራል።
አንዲት ልጅ፣ ዩኒፎርም የለበሰች፣ የተሰበረ ጥላ ይዛ ፊቴ ቆማለች፤
"ጋሼ፣ ይሠራል?"
"ይድናል" አልኳት፤
ቀዩ ክር የት እንዳለ እንኳ ሳላውቅ ተቀበልኳት።